ጭስ አሽታቹ ጋሽ ላምቤቦ

ጋሽ ላምቤቦ ሞተ ሲሉኝ ወዲያው አላመንኩም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሞቷል።

የመጀመሪያው ጊዜ በስትሮክ ከወደቀ በኋላ ነው። ወሬው ከሆሳዕና መናኸሪያ በጠዋቱ መኪና ተሳፍሮ አንጋጫ እስኪደርስ «ታሟል» የሚለው መንገድ ላይ ወርዶ ቀረና «ሞቷል» የሚለው ብቻ ገባ። የአንጋጫ ዘመዶቹ እየጮኹ ግቢው ሲደርሱ ሟቹ ትራስ ተደግፎ፣ ባለቤቱ በቅቤ የራሰ የቡላ አተካና እያጎረሰችው አገኙት። ቅቤው በአገጩ ላይ እየወረደ ነበር። «ከመጣችሁ አይቀር ቁጭ በሉና ብሉ» አላቸው፤ ማለትም እንደዚያ ለማለት ሞከረ፣ የተረጎመችው እሷ ናት። ሁለተኛው ሞቱ በጊምቢቹ በኩል ነበር። ያኔ ንግግሩ ትንሽ ተሽሎት ስለነበር ለቅሶ ሊደርሱ የደወሉትን ሰዎች ራሱ ስልኩን አንስቶ «አዎ ሞቻለሁ፣ የቀብሩ ሰዓት ግን ገና አልተቆረጠም» አላቸው።

ሦስተኛው እውነት ሆነ።

እኔ መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነኝ። አስቴር እባላለሁ፤ ስሜን የማያውቅ ተሳፋሪ ግን ድምፄን ያውቀዋል፣ ምክንያቱም «ዱራሜ፣ ዱራሜ፣ አንድ ሰው የቀረው ዱራሜ» እያለች በማይክራፎን የምታደነቁራችሁ ሴት እኔ ነኝ። ጋሽ ላምቤቦ ደግሞ ከመስኮቴ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ሥር፣ በባለሦስት እግር ዱካ ላይ ይቀመጥ ነበር። መካኒክ ነው፤ ጋራዥ ግን የለውም። ያለው አፍንጫ ነው።

አልቀለድኩም። አንድ ቅጥቅጥ ረጅም መንገድ ከመውጣቷ በፊት ሹፌሩ ቂጧን ወደ ጋሽ ላምቤቦ አዙሮ ያቆማታል። እሱ ካርቶኑን መሬት ላይ ያነጥፋል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ተንበርክኮ አፍንጫውን ከማርሚታው በስንዝር ርቀት ላይ ያደርግና «ስጠው!» ብሎ ይጮኻል። ሹፌሩ ነዳጅ ይሰጣል። ጥቁሩ ጭስ ፊቱ ላይ ሲፈነዳ ጋሽ ላምቤቦ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ዘግቶ፣ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይስበዋል። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል። «ነዳጁ ሳይቃጠል ነው የሚወጣው፤ ኖዝሏን እዩ።» ወይም «ውሃ እየጠጣች ነው፤ ጋርኒሽኗ አብቅቶለታል።» ወይም «ዘይት ትበላለች፤ ፋሻዋን ቀይር፣ አለዚያ ሾኔ ሳትደርስ ትተኛብሃለች።» ሲፈቱት ብዙውን ጊዜ ያለው ነገር ነው የሚገኘው።

ጤነኛ ከሆነች ወዲያው ይነሳና ኋላዋን ሁለቴ በመዳፉ መትቶ «ሂጂ ልጄ!» ይላታል። ከታመመች አይነሳም። እንደተንበረከከ ዝም ይላል። ሕመሙ በጠና ቁጥር ዝምታው ይረዝማል፤ እኛም ዝምታውን እያየን የሞተሩን ዕድሜ እንገምታለን። በዚያ ሰዓት እሱን ማናገር ነውር ነበር፤ ያናገረውን ሰው መላው መናኸሪያ ይቆጣዋል።

ተሳፋሪውም ለምዶታል። ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት «ጋሽ ላምቤቦ አሽቷታል?» ብለው የሚጠይቁኝ ሴቶች ነበሩ። አንድ ሁልጊዜ ወደ ዱራሜ የሚመላለስ ወንጌላዊ እንኳ «እኔ ጸሎቱን ጉዞው ላይ አደርሳለሁ፣ መጀመሪያ ግን እሱ ያሽትታት» ይል ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ላምቤቦ የአንዷን ጭስ ስቦ ከተነሳ በኋላ ወደ ማርሚታው ሳይሆን ወደ ሹፌሩ መስኮት ሄደና አፍንጫውን አስገባ። «መኪናዋ ደህና ናት። አረቄው የሚሸተው ካንተ ነው። ውረድ!» አለው። ሹፌሩ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣራውን አየሁ፣ እሱም ወረደ። ያን ቀን ተሳፋሪው አጨበጨበለት።

ከድር የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ አለ፤ ሱቁ ከመናኸሪያው በር አጠገብ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሞተር ብልሽት የሚያነብ ማሽን አስመጣና ጋሽ ላምቤቦን ሥራ አስፈታዋለሁ ብሎ ዛተ። ማሽኑ የሚሰካበት ሶኬት ይፈልጋል፤ የኛ ቅጥቅጦች ደግሞ እንኳን ሶኬት አንዳንዶቹ በር በቅጡ የላቸውም። ከድር ገመዱን ይዞ መኪናዋን ሲዞራት ዋለ። ጋሽ ላምቤቦ ዱካው ላይ ሆኖ በቆሎውን እየጋጠ «የኔ ገመድ አልባ ነው» አለው።

እንግዲህ ይህ አፍንጫ ሲያስነጥስ መሀረቡ ላይ የሚወጣውን ነገር ጽፌ ምሳችሁን አላበላሽም። ቅዳሜ ማታ በሙቅ ውሃና በሳሙና የታጠበ ሰውዬ እሑድ መዘምራን መካከል ሲቆም የነጭ ሸሚዙ ኮሌታ ሁለተኛው መዝሙር ላይ ሳይደርስ ይጠቁራል። ሲያስል ደግሞ ከበሮ መቺው ምቱ ይጠፋበታል። ከድር ማስክ ሰጥቶት ነበር። አደረገው፤ አገጩ ላይ። ለምን ወደ ላይ እንደማይስበው ስጠይቀው «ታዲያ በምን ላሽትት?» አለኝ።  እኔም ያንኑ ጭስ ቀኑን ሙሉ በመስኮቴ እቀበለው ስለነበር ብዙ ለመናገር አፍ አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ቀኝ እጁ መፍቻውን ሦስት ጊዜ ጣለው። ቀኝ ጉንጩም እንደደነዘዘ ነገረኝ። ትንሽ ቆይቶ ለቀቀውና «ጎኔን ተጭኜ ተኝቼ ነው» አለ። ባለቤቱ እትዬ ወርቅነሽ ግን በማግስቱ ሐኪም ቤት ጎተተችው፤ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ሐኪም ያለውን ሁሉ ቤት እስኪደርስ እየቀየረ ስለሚነግራት፣ ምስክር ፈልጋ ነው።

ሐኪሙ ገና ጢሙ ያልሞላ ወጣት ነበር። ጋሽ ላምቤቦ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይሄ ልጅ መንጃ ፈቃድ አለው?» አለኝ።

«ሥራዎ ምንድን ነው አባቴ?»

«ጭስ አሸታለሁ።»

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይቅርታ፣ ምን ያደርጋሉ?»

«የናፍታ ጭስ። አሸተዋለሁ። ስሠራው ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።»

እኔ ሥራውንም የትናንቱን የእጁንና የጉንጩን ነገርም አስረዳሁት። ሐኪሙ እኔንም እሱንም እያፈራረቀ አየን። ከዚያ ግፊቱን ለካው፤ ሁለተኛ ለካው፤ ፊቱ ተለወጠ። «የትናንቱ ማስጠንቀቂያ ነው» አለው። «ወደ አንጎልዎ የሚሄደው ደም ለትንሽ ጊዜ ተቋርጦ ተመልሷል። ሁለተኛው ላይመለስ ይችላል። ከጭሱ መራቅ አለብዎት።»

«ጭስ እኮ የሚገባው በአፍንጫ ነው። ቢያመኝ ሳንባዬን ነው የሚያመኝ። አንጎል እዚህ ውስጥ ምን ቤት ነው?»

«ሳንባ ላይ አይቆምማ! ደቃቁ ወደ ደም ያልፋል። የደም ሥሩን በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ያቆስለዋል፣ ያደርቀዋል፣ ግፊቱን ይጨምራል። ደም ይረጋል። የረጋው አንድ ቀን ይነሳና አንጎል ላይ ሄዶ መንገድ ይዘጋል። ጭሱ ብቻውን ነው ያመጣብዎት አልልም፤ ዕድሜም ጨውም አለበት። ግን ጨው ይቀንሱ ብዬ ጭሱን ዝም ብለው ይሳቡት ልልዎት ነው?»

«ሹፌሮቹ ሁሉ ይሸታቸዋል። እነሱ ለምን አልታመሙም?»

«እነሱን ማን ለክቷቸው ያውቃል?»

ጋሽ ላምቤቦ መድኃኒቱን ተቀብሎ ወጣ። በር ላይ ስንደርስ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሞተር ግን አያውቅም» አለን። እትዬ ወርቅነሽ አልሳቀችም። ወደ ኋላ ቀረት ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

«አስቴርዬ፣ እኔ እቤት ነኝ፤ አላየውም። ያንቺ መስኮት ፊቱ ላይ ነው። አደራ። እንዳታስጠጊው።»

«በእኔ ጣይው» አልኳት። ምንም ሳላስብ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ከዚያ በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ፖሊስ ሆንኩ። «ሾኔ፣ ሾኔ፣ የሞላ ሾኔ፤ ጋሽ ላምቤቦ ከማርሚታው ዞር በል! ወራቤ ሁለት ሰው!» ተሳፋሪው ይስቃል፣ እሱ ባርኔጣውን ያነሳልኛል። ሹፌሮቹ ደግሞ ያለ እሱ ፍርድ መውጣት አስፈራቸው። ማይክራፎኔ እንዳያያቸው መኪናቸውን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ወስደው ያቆሙና በእጅ ምልክት ይጠሩታል። እኔ ደግሞ ጭሱ ከሽንት ቤቱ ጣራ በላይ ሲነሳ አይቼ እየሮጥኩ እሄዳለሁ። ስይዘው «አንድ ክንድ ርቄ ነው እኮ ያሸተትኩት» ይላል። የተጠበሰ በቆሎ እየገዛ ጉቦ ሊሰጠኝ ሞከረ። በቆሎውን በላሁ፣ ከጭሱ ግን አስነሳሁት። ለብዙ ወራት እንዲህ ተናነቅን፤ እውነት ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። እየቀነሰም ነበር። አንዳንድ ቀን ጨርሶ ሳይንበረከክ ይውል ጀመር።

ከዚያ እናቴ ሾኔ መሄድ ፈለገች። የእህቷ ልጅ ጋ አራስ ልትጠይቅ ነው። ቅቤዋን በቅል ይዛ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መኪናዋ ለመስመሩ አዲስ ናት፣ ሹፌሩንም አላውቀውም። ሞተር ሲያስነሳ የወጣው ጭስ ደስ አላለኝም። የሌላ ሰው እናት ብትሆን ዝም እል ነበር፤ ይህን ሳልደብቅ ልናገር። የኔ ስለሆነች ግን ወደ ጋሽ ላምቤቦ ዞርኩ።

በማይክራፎን አልጠራሁትም። መስኮቴን ከፍቼ በጣቴ ጠቀስኩት።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ። እናቴ ናት የምትሄደው።»

ፊቱ በራ። «ኧረ! ከሳሼ ራሷ መጣች!» ብሎ ካርቶኑን አነጠፈ። ተንበረከከ። «ስጠው!» አለ፤ ሹፌሩም ሰጠው።

ጭሱ ሲሳሳ ጋሽ ላምቤቦ አልተነሳም። ግንባሩን የኋላ መከላከያ ብረቷ ላይ አስደገፈ። ዝም አለ። ሹፌሩ ከመስኮቱ ወጥቶ «ምን አለ?» ሲል ሰው ሁሉ «ዝም በል፣ እያሽተተ ነው!» ብሎ ተቆጣው። ዝምታው ረዘመ። ሹፌሩ ላብ ጀመረው። ከድር ከሱቁ ወጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየና «ይሄን ያህል ዝም ካለ ይቺ ሞተር አልቆላታል» አለ። ተሳፋሪዎች በራሳቸው ጊዜ መውረድ ጀመሩ። ሁለት ሹፌሮች ኮፈን ከፈቱ። አንዱ ኖዝል ነው አለ፣ አንዱ ፓምፕ ነው አለ፤ ሞተሩን አጠፉና ኖዝሎቹን አንድ በአንድ ፈተው ከድር ባነጠፈው ጨርቅ ላይ ደረደሩ። ሞተሩ የጠፋው እንኳ ለጋሽ ላምቤቦ ተብሎ አይደለም። እኔም የድርሻዬን ተወጣሁ፤ ማይክራፎኑን ይዤ «የሾኔ ተሳፋሪዎች፣ መኪናችሁ ስለታመመች ወደሚቀጥለው ተዘዋወሩ» አልኩ። እናቴ ስታልፍ ወደተንበረከከው ሰውዬ እጇን ዘርግታ «እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ፣ ነፍሳችንን አተረፍክ» አለችው። በሌላው መኪና ሄደች። ያ ሁሉ ሰው ብልሽት የሚፈልገው ከፊት ነበር፤ ከኋላ ያለውን አንድም ያየ የለም።

ያየችው ዶሮ ታቅፋ ከአንጋጫ የመጣች፣ ከተማችንን የማታውቅ ሴት ናት። «ሰውየው እኮ ምራቁ እየወረደ ነው» አለች። «ዝም በይ!» አሏት። አልሰማቻቸውም፤ ዶሮዋን መሬት ላይ አድርጋ ትከሻውን ስትነካው ወደ ጎን ተዘረጋ። የአፉ ቀኝ ጥግ ወደ ታች ወርዷል። ቀኝ እጁ የሱ አይመስልም።

አንዱ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ!» ብሎ ሮጠ። እኔ ከመስኮቴ «ስትሮክ ነው!» ብዬ ጮኽኩ፤ በማይክራፎኑ፣ ሳላውቀው። መናኸሪያው በሙሉ ሰማ። ለመውሰድ ቅርብ የነበረችው የሾኔዋ መኪና ናት፤ አንጀቷ ግን በከድር ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። የቀሩትን መኪኖች መውጫ ደግሞ የዘጋችው እሷው ነበረች። አራት ሆነው ተሸክመውት ወጡና በባጃጅ ወሰድነው።

ያው ወጣት ሐኪም ነበር የተቀበለን። ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረው ጠየቀኝ። በደንብ አውቀው ነበር፤ የሾኔ መኪና መነሻ ሰዓት ነው። ነገርኩት። ሰዓቱን አየና ካርዱ ላይ ጻፈው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ላምቤቦ ተረፈ። ቀኝ ጎኑ ግን አልተመለሰም፤ ንግግሩ ወራት ፈጅቶ ተንሻፎ መጣ። ሦስት ዓመት ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ኖረ። መጀመሪያ በቅጡ የተናገረኝ ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ?

«የሾኔዋ... ምን ነበረባት?»

«ምንም» አልኩት።

«እኮ! ለኔም የሸተተኝ... ምንም ነው። ደህና ሞተር... ፈታችሁ?»

ከልቡ ነው የተናደደው። ስለ እጁ፣ ስለ እግሩ አንድ ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም፤ ስለዚያች ሞተር ግን ይቅር አላለንም። መናደዱም እውነት ነበረው፤ ከገጠሟት በኋላ ነው መኪናዋ በእውነት መታመም የጀመረችው። ሐኪሙ ያለውንም በኋላ በራሱ መንገድ አስረዳኝ። ቆሻሻው ቱቦው ውስጥ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ አንድ ቀን መስመር ይዘጋል። «የስንቱን ፊልትሮ አስቀይሬ... የራሴን ረሳሁ» አለና በግራ በኩል ባለው ግማሽ አፉ ሳቀ። «የኔ ደግሞ ከድር ሱቅ... የለም።» እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ልሄድ ነው ብዬ ወጥቼ አለቀስኩ።

ያን ቀን ማን እንደጠራው አላነሳሁም። እሱም አላነሳብኝም። መናኸሪያው ጥፋቱን በዚያ አዲስ ሹፌር ላይ ጣለ፤ በዚህ ከተማ መስመርም ሳይሰጡት ሄደ። እትዬ ወርቅነሽ ፊት ሰዎች ሹፌሩን ሲረግሙ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። እሷ ዝም ትላለች። ዝም ማለቷን እንደማመን ቆጥሬ ጎመን እየቀነጠስኩላት አመሻለሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

በቀብሩ ቀን ሹፌሮቹ በሙሉ ሥራ አቆሙ። ለቀስተኛውን ወደ መቃብር ሊወስዱ ቅጥቅጦቻቸውን ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ደረደሩ። ሬሳው ከቤት ወደ ድንኳኑ ሲወጣ አንዱ ለክብሩ ብሎ መሰለኝ ነዳጅ ሰጠ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም። እንባቸው እየወረደ ነዳጅ ይሰጣሉ፣ ጭሱ በአጥሩ ላይ ተንከባሎ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ወንጌላዊው ጥቅሱን ሳይጨርስ ሳል ያዘው። ሰው ሁሉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አደረገ። ፍቅራቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ከዚህ ሌላ የሚያውቁት የፍቅር መግለጫ የላቸውም።

እትዬ ወርቅነሽ ከሬሳው አጠገብ ተነስታ ወጣች። የመጀመሪያውን መኪና ኮፈን በመዳፏ መታችው። «አጥፋ!» ወደ ሁለተኛው ሄደች። «አጥፋ!» እንዲህ እያለች እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደች። የመጨረሻው ሲጠፋ ወደ ለቀስተኛው ዞራ «በእግራችን ነው የምንሸኘው» አለች።

ስትመለስ መንገዷ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ያን ቀን ወደ ጭሱ የጠራሁት እኔ ነኝ። ሹፌሩ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

 እሷ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለችና ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፤ ድካም ብቻ ነበር ያለው።

«እናትሽ ያን ቀን ሾኔ በሰላም ገቡ?»

«ገብታለች» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ከሬሳው ኋላ መሄድ ጀመረች። ሰዉ ተከተላት። እኔ አልተከተልኩም፤ ተመልሰው እስኪመጡ ድረስ ከቆሙት መኪኖች ጋር ቆየሁ።